አሥራ ሦስተኛው ገበያ፦ በወሎ ቀበሌዎች የቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ እንዳይሰበር ምን ይደረግ

ጤና ኬላ ላይ የቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚለካው በአዲስ ተጠቃሚ ቁጥር ነው። በወሩ ስንት ሴት መርፌ ጀመረች፣ ስንቷ ክንዷ ላይ አስቀበረች ተብሎ ይቆጠራል። በሦስተኛው ወር ሳትመለስ የቀረችው፣ ደም አላቋርጥ ብሏት የተወችው፣ ክንዷ ላይ የተቀበረውን ኢምፕላኖን የሚያወጣላት አጥታ ለጎረቤቱ ሁሉ "አትሞክሩት" የምትለው ሴት ግን ሪፖርቱ ላይ የለችም። በእኛ ግምት ሥራው የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ቅስቀሳ ብዙም አንልም፤ የጀመረችው እንዳትቀር ምን ይደረግ የሚለውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለሚደግፏቸው የጤና ጣቢያ ባልደረቦች በዝርዝር እናስቀምጣለን።

በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ 100 ሴቶች 36ቱ ተጠቃሚ ነበሩ፤ ከእነዚህ 23ቱ መርፌ ወሳጆች ናቸው። ማለትም አብዛኛው ሥራችን በዓመት አራት ጊዜ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ መምጣት ባለባት ሴት ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈቱ

ከቤት ወደ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት በወር በወር የተከፈለውን የቀጠሮ ካርድ ሳጥን አውጡ። ወሩ ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው የሚቀጥለውን ወር ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በጎጥ በጎጥ ለዩአቸው። ካለፈው ወር ክፍል ውስጥ ሳይነሱ የቀሩ ካርዶች ካሉ እነሱ ያልመጡ ሴቶች ናቸው፤ ወደ አዲሱ ወር አትቀላቅሏቸው። ቀጠሮዋ ያለፈን ሴት ካርድ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ወር ማሸጋገር በብዙ ኬላ የሚታይ ስህተት ነው። ሦስት ጊዜ ከተሸጋገረ በኋላ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ሆና ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው የሚታወቀው።

ለምሳሌ በወሩ 40 መርፌ ወሳጆች ቀጠሮ ነበራቸው እንበል። 31 መጡ። የቀሩትን 9 አንድ ላይ "አቋራጭ" ብሎ መጻፍ ምንም አያስተምርም። ስትጠይቁ ሁለቱ ልጅ ፈልገው ያቆሙ፣ አንዷ ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ አንዷ ጤና ጣቢያ ሄዳ ወደ ጃዴል (ክንድ ላይ ወደሚቀበር ሌላ ዘዴ) የቀየረች ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይፈልጉ የጠፉት አምስቱ ናቸው፤ የሳምንቱ ጉዟችሁ ወደ አምስቱ ቤት ነው። 40 ሁሉንም ለማንኳኳት የሚሞክር ሰው አምስቱንም ሳያገኝ ወሩ ያልቅበታል።

በ2014ቱ ጦርነት የቤተሰብ ማህደራቸው የተቃጠለባቸው ወይም የተበተነባቸው ኬላዎች መዝገቡን እንደ አዲስ ማቋቋም አለባቸው። ኢምፕላኖን ያለባት ሴት የገባላትን ቀን ካላስታወሰች በልጇ ዕድሜ ቁጠሩ፦ "ይሄ ልጅ ስንት ወሩ ነበር? ያኔ ዳዴ ይል ነበር ወይስ ቆሟል?" ከዚያ የተገኘውን ወርና ዓመት "ግምት" ብላችሁ ጻፉ። በእጃችሁም ዳስሱት፤ አንድ ዘንግ ከሆነ ኢምፕላኖን ነው፣ የ3 ዓመት። ሁለት ከሆነ ጃዴል፣ የ5 ዓመት።

13 ሳምንት ስንት ቀን ነው?

ዲፖ የሚባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌ በየ13 ሳምንቱ ይሰጣል። ካርዱ ላይ "ከ3 ወር በኋላ" ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። 13 ሳምንት 91 ቀን ነው፤ የኛ ሦስት ወር ደግሞ 90 ቀን። መስከረም 5 የወጋችኋት ታህሳስ 6 ትመለሳለች፤ እዚህ ላይ ልዩነቱ የአንድ ቀን ነው። ጳጉሜን የሚያቋርጥ ቀጠሮ ግን ይንሸራተታል። ሰኔ 20 የተወጋች ሴት "መስከረም 20" ከተባለች በ95ኛው ቀን ትመጣለች ማለት ነው፤ ትክክለኛዋ ቀን መስከረም 16 ናት፣ ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 15።

አራት ቀን ብቻውን ጉዳት የለውም፤ እስከ 4 ሳምንት ዘግይታ ብትመጣ እንኳ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ትወጋለች። ግን በዘገየ ቀጠሮ ላይ ክረምቱ፣ የሞላው ወንዝና የመስከረም ድግስ ሲጨመሩ አራቱ ቀን አንድ ወር ይሆናል።

91 ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ሰኞ የተወጋች ሴት የምትመለሰውም ሰኞ ነው። ባቲ ዙሪያ ላለች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ይውላልና። "ከዛሬ ወዲያ አሥራ ሦስተኛው ገበያ" ከተባለች ቀኑን ማንም አያስረሳትም። በሌላውም ወረዳ የአካባቢውን የገበያ ቀን መርፌ የሚሰጥበት ቀን አድርጉት፤ ጨው ልትገዛ የወጣች ሴት ለኬላ ብላ ሌላ ቀን አትፈልግም፣ ለባልና ለአማትም ሰበብ አትፈጥርም። ማንበብ ለማትችለው 13 ባቄላ በጨርቅ ቋጥራችሁ ስጧት፤ ከየገበያው ስትመለስ አንድ አንድ ታወጣለች።

በበዓል የምትቆጥርም አለች። ማርያም ዕለት (በ21) የተወጋች ክርስቲያን "በሦስተኛው ማርያም" ብትባል ጳጉሜ ከሌለ 90ኛው ቀን ላይ ትመጣለች፤ ደህና ነው። በጨረቃ ለምትቆጥር ሙስሊም ሦስት ወር 88 ወይም 89 ቀን ገደማ ይሆናል፤ መርፌው እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብሎም ሊሰጥ ስለሚችል ይህም ያስኬዳል። ረመዳን ውስጥ የሚውል ቀጠሮ ካለ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ አስቀድማችሁ ጥሯት። ጾመኛ ሆና በፀሐይ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ "መርፌ ጾም ያስፈታል ወይ?" የሚለውን ጥያቄም እናንተ አትመልሱት፣ የሸኹ ነው። ኪኒን የምትወስደው በረመዳን ሰዓቷን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ስሑር ታዛውረው፤ ከሁለቱ አንዱን ትምረጥና በየቀኑ እሱኑ ትያዝ።

ቡናው ላይ ምን ይባላል፣ ምን አይባልም

ወሎ ውስጥ ቡና ሳይጠጡ መውጣት ነውር ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅም ጎረቤት ይሞላል። ለአጠቃላይ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መድረክ የለም። የአንዲትን ሴት ጉዳይ ለማንሳት ግን ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ስኒ ይዛችሁ "መርፌሽ አላለፈም?" ካላችሁ አማቷ ሰምታለች፣ ወሬው ማታ ባል ጋ ይደርሳል፣ በሚስጥር ትወስድ የነበረችው ሴት ሁለተኛ አትመጣም። ውኃ ልትቀዳ ወይም ማገዶ ልታመጣ ስትወጣ ተከትላችሁ ውጡ፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ለአምስት (አንዷ መሪ አምስት ጎረቤቶችን የምታስተባብርበት) አደረጃጀት ባለበትም የተጠቃሚ ስም ዝርዝር ለቡድን መሪ አይሰጥም። ቀጠሮ ያለፈባትን ለማግኘት መሪዋ ማለት የምትችለው "ኬላ ትፈለጊያለሽ" ብቻ ነው። በሚስጥር ለምትጠቀመው ካርዷ ላይ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ትንሽ ምልክት አድርጉ፤ ካርዱ ከኬላ አይውጣ፣ ቀጠሮዋን ከልጇ ክትባት ወይም ክብደት መለኪያ ቀን ጋር አገናኙ። ኢምፕላኖን ሲዳሰስ እንደሚታወቅ፣ የወር አበባ መዛባትም ባል ሊያስተውለው እንደሚችል ቀድማ ማወቅ አለባት።

ምክሩ ራሱ በዘዴ ዝርዝር አይጀመርም። ብዙዎቻችን ፖስተሩን ዘርግተን ከኪኒን እስከ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ እስከሚቀመጠው) እንወርዳለን፤ ሴትዮዋ "እሺ እሺ" ትላለች፣ የሚያዝላት ነገር የለም። የሚሠራው እንዲህ ዓይነቱ ጭውውት ነው፦

"እትዬ፣ ከዚህኛው በኋላ ሌላ ልጅ መቼ ይሁን ብለሽ አስበሻል?"

"አላህ ያለ ቀን ነዋ፤ ልጅ ሪዝቁን ይዞ ነው የሚመጣ።"

"ኢንሻ አላህ። ይሄንንስ ጡት ስንት ጊዜ ልታጠቢው?"

"ሁለት ዓመት ባጠባው ደስታዬ።"

"እንግዲያ ሁለት ዓመቱን ሌላ እንዳይመጣበት በምን እንጠብቅለት?"

ከዚህ ወዲያ ምርጫው የእሷ ነው፤ እናንተ ሁለት ወይም ሦስት የሚስማሟትን ብቻ አቅርቡ። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ለምትፈልግ ሴት ዲፖ ከቆመ በኋላ ማርገዝ ከሌሎች ዘዴዎች በአማካይ 4 ወር ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ሳትጠይቃችሁ ንገሯት። "ዲፖ መካን አደረጋት" የሚለው ወሬ የሚወለደው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። ልጇ 6 ወር ያልሞላው አጥቢ እናት ጥምር ሆርሞን ያለውን ኪኒን አትውሰድ። የደም ግፊቷ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነችውም እንዲሁ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ወይም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን የምትወስድ ሴት ደግሞ ኪኒንና ኢምፕላኖን ሊከዷት ይችላሉ፤ ዲፖ ግን ይሠራላታል። "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" የምትለው ጥያቄ አጭር ስለሆነች ነው መሰለኝ ሁልጊዜ የምትረሳው።

"አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ" አትበሉ

ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣችን ሴት የወር አበባሽ ላይ አይደለሽም ብሎ መመለስ እርግዝናን መጋበዝ ነው። ከሚከተሉት ስድስት ጥያቄዎች ለአንዱ "አዎ" ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌለባት እርጉዝ እንዳልሆነች በበቂ እርግጠኝነት ይያዛል፣ ዛሬውኑ ትጀምራለች። ባለፉት 4 ሳምንታት ወልዳለች? ልጇ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ጡት ብቻ ወይም በአብዛኛው ጡት እያጠባች፣ አበባዋም ሳይመለስ ነው? ካለፈው አበባዋ ወይም ከወለደች ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም? አበባዋ የጀመረው ባለፉት 7 ቀናት ነው (ለሉፕ 12)? ባለፉት 7 ቀናት አስወርዷታል? አስተማማኝ ዘዴ ሳታቋርጥ በትክክል ስትጠቀም ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ለወሎ የተጻፈ ይመስላል። ባሏ ሳዑዲ ወይም ለቀን ሥራ መተማና ሁመራ ያለባት ሴት ብዙ ናት፤ የምትመጣውም "ሰሞኑን ሊመጣ ነው" ስትባል ነው። ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ዛሬ ትጀምራለች። ዲፖ አበባዋ ከመጣ ከ7 ቀን ወዲያ ከተጀመረ ግን ለ7 ቀን ኮንዶም ወይም መታቀብ ይጨመርበታል። ባል ነገ የሚገባ ከሆነ ኮንዶሙን በእጇ ሳትይዝ አትሸኟት።

ከ4 ሳምንት በላይ ዘግይታ ለመጣችው መርፌ ወሳጅም የሚሠራው ይኸው ስድስት ጥያቄ ነው። ቁጣ አይጨመርበትም። "የት ጠፍተሽ ነው?" የተባለች ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ስትዘገይ ጭራሽ ትቀራለች።

መርፌው ላይ በአጭሩ

150 ሚሊ ግራም የያዘውን ብልቃጥ በደንብ አናውጡት፤ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣልና ሳይናወጥ ከተቀዳ መጠኑ ይጎድላል። በክንድ ወይም በዳሌ ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ይወጋል። ከዚያ አይታሽም። ቤቷ ገብታም በሞቀ ጨርቅ እንዳትተኩሰው ንገሯት፤ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሰራጭ ያደርገዋልና። መርፌው ሳይከደን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፤ ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል።

ደሙ ሲመጣ፣ ደሙ ሲቀር

ሴቶች በዋናነት የሚያቆሙበት ምክንያት ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ዲፖም ኢምፕላኖንም የወር አበባን ያዛባሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ ማለት፣ ቆይቶም ጭራሽ መቅረት የተለመደ ነው። ለሕክምና ቀላል ነገር ነው። ለሴትዮዋ ግን ቀላል አይደለም። ሙስሊሟ ደሙ የወር አበባ ከሆነ አትሰግድም፣ አትጾምም፤ ክርስቲያኗም ቤተ ክርስቲያን አትገባም። አሥር ቀን ጠብ ጠብ ያለባት ሴት አሥር ቀን ከሶላቷ ቀርታለች ማለት ነው። ይህን ሳታዩ "አብሽሪ፣ ምንም የለው" ብትሏት የገባችሁ አይመስላትም፣ እውነቷንም ነው።

ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ በእናንተ አፍ፣ አንድ ጊዜ በእሷ አፍ ይነገር። "እቤት ገብተሽ ለእህትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?" ብላችሁ አስደግሟት፤ የተሳሳተው ነገር ያኔ ይወጣል። ስለ ሶላቱ ይህ ደም የወር አበባ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን ሸኹን ወይም ንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ እናንተ ከመርፌው እንደሆነ ብቻ አስረዱ። ደሙ የቀረባት ደግሞ "ውስጤ ተጠራቀመ" ትላለች። የሚጠራቀም ደም የለም፤ መድኃኒቱ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈስ ነገር አልተሠራም በሏት።

በመጀመሪያው መርፌና በሁለተኛው መካከል አንድ ጊዜ፣ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ አይታችኋት እለፉ። አዲስ ለጀመረች ሴት ከማንኛውም ጉብኝት የበለጠ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ልታቆም ስታስብ የምትደርሱባት ያኔ ነውና። የሚያስቸግራት ጠብታ ጤና ጣቢያ ላይ ለጥቂት ቀን በሚሰጥ መድኃኒት ሊቀንስ ይችላል። ከተለመደው አበባዋ እጥፍ የሆነ ወይም ከ8 ቀን በላይ በብዛት የሚፈስ ደም፣ የበረታ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የተቀበረበት ቦታ ሙቀትና መግል፣ የታችኛው ሆድ ኃይለኛ ሕመም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። አልስማማ ያላትን ሴት ደግሞ አታባብሏት፣ ቀይሩላት። ወደ ሌላ ዘዴ የቀየረች ሴት አልጠፋችም።

መቅበር ኬላ ላይ፣ ማውጣት ጤና ጣቢያ

ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኢምፕላኖን ሲቀብሩ ቆይተዋል፤ ማውጣቱ ግን በአብዛኛው የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ከዚህ ክፍተት የሚወለደው ቅሬታ እንዲህ ይመስላል፦ ከዴላንታ ወይም ከመቅደላ ደጋ ግማሽ ቀን ተጉዛ ትመጣለች፣ "የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ሄዷል" ትባላለች፣ ትመለሳለች። ሁለተኛ ስትመጣ "ገና ዓመቷ ነው፣ ታገሺ" ትባላለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ጎጥ ክንዷን የምትሰጥ ሴት አይገኝም።

ማስተካከያው ይህ ነው። ጤና ጣቢያው በወር ሁለት የታወቁ የማውጫ ቀኖችን ይመድብ፣ ከተቻለ በገበያ ቀን። በሥሩ ላሉት አምስቱም ኬላዎች ያሳውቅ። ከመላካችሁ በፊት ደውሉ፤ ባለሙያው፣ የማደንዘዣው ሊዶኬይንና የማውጫው መሣሪያ ሦስቱም መኖራቸውን ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ከሌለ አትላኩ፣ ቀን ቀይሩ። ዓመቱ ሳይሞላ ይውጣልኝ የምትልን ሴት ምክንያቷን ጠይቁ፣ መፍትሔ ካለው ንገሯት፤ አሁንም ካለች ይወጣላታል። ክንዱ የእሷ ነው።

ስትቀብሩ በማትሠራበት ክንዷ ውስጠኛ ጎን፣ ከቆዳ ሥር ብቻ ይሁን። ጠልቆ የገባ በኋላ ሲወጣ ባለሙያውንም ሴትዮዋንም ያሰቃያል። ሳትነሳ በጣቷ እንድትዳስሰው አድርጉ፤ "ወደ ልብ ሄደ" የሚለው ወሬ የሚቀረው እሷው ራሷ ስትነካው ነው። ለጥቂት ቀን እንዳይረጥብ፣ በዚያ ክንድም ከባድ ጀሪካን እንዳታነሳ ንገሯት። ወደ ዓረብ አገር ለምትሄደዋ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን በወረቀት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧት።

ዕቃው እንዳያልቅ

ኬላ ላይ ቢበዛ የ2 ወር ፍጆታ ይቀመጣል። በየወሩ የምትጠይቁት፣ የወሩ ፍጆታ በ2 ተባዝቶ በእጃችሁ ያለው ሲቀነስ ነው። ወጥመዱ ዕቃው ባለቀበት ወር ላይ ነው። በወር 30 ዲፖ የምታወጡ ሆናችሁ በወሩ አጋማሽ ቢያልቅና 16 ብቻ ብትሰጡ፣ ፎርሙ 32 ይጠይቃል እንጂ 60 አይጠይቅም። የሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ያልቃል። ዕቃ የጠፋባቸውን ቀኖች በፎርሙ ላይ ጻፉና ካለፈው ሙሉ ወር ፍጆታ ተነሱ። መርፌና ስሪንጅ እኩል መሆናቸውን ደግሞ በዓይናችሁ ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ወንዶቹ

ወንዶችን ለስብሰባ ኬላ አትጥሩ፤ አይመጡም። ቅሬው (ዕድሩ) ባለበት፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናንተው ሂዱ። አስቀድማችሁ ሸኹን፣ ቄሱንና የአካባቢውን አበጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) ለየብቻ አነጋግሩ፤ ሕዝብ ፊት ድንገት ከጠየቃችኋቸው ለጥንቃቄ ሲሉ ይቃወማሉ። ቁርኣን እናት ሁለት ሙሉ ዓመት እንድታጠባ የሚለውን ሸኹ ራሱ ቢናገረው ይሻላል። እናንተ የምትጨምሩት የጤናውን ነው፦ ከወለደች ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ እንዳታረግዝ ይመከራል። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ክርክር ይሆናል።

ለተቆጣጣሪዎች

በአንድ ዘዴ ላይ ኮታ አትስጡ። "በዚህ ወር 15 ኢምፕላኖን" የተባለች ባለሙያ 15 ክንድ ታገኛለች፤ ስንቱ በዓመቱ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ለድጋፍ ስትሄዱ መዝገቡን ከማገላበጥ በፊት ሳጥኑን አስከፍቱ። ካለፈው ወር ክፍል ያልተነሱ ካርዶችን ቁጠሩ፣ ሁለቱን በዘፈቀደ ምረጡ፣ ሴቶቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ከባለሙያዋ ጋር ቤታቸው ሄዳችሁ ለምን እንዳልመጡ ስሙ። ወጥታችሁ መንገድ ላይ ከባለሙያዋ ጋር ተነጋገሩበት፤ ጎረቤት ፊት፣ ቡናው ላይ አይደለም።